የኦርጋን ፔዳል አጨዋወት

የኦርጋን ፔዳል አጨዋወት የቧንቧ ኦርጋን ተጫዋች በአብዛኛው የቤዝ ድምፆችን በእግሩ የሚጫወትበት ስልት ነው። የዘመናዊ ኦርጋን የእግር ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ 30 ወይም 32 ቁልፎች አሉት። ከፒያኖ የመጣ ጀማሪን በተለይ ሁለት ነገሮች ይፈትኑታል፤ እግሩን ሳያይ ቁልፉን ማግኘትና ግራ እጁን ከእግሩ ነጥሎ ማንቀሳቀስ። ለመጀመሪያው ሶሉ ስስ የሆነ ጠባብ ጫማ ማድረግና ከአንዱ ቁልፍ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት በጫማ ጫፍና በተረከዝ መለማመድ ይረዳል። ለሁለተኛው ፔዳሉን ለብቻው፣ ቀጥሎ ከግራ እጅ ጋር፣ በመጨረሻም ሁሉንም አንድ ላይ በዝግታ መጫወት ፍቱን ነው። የሙዚቃ አቀናባሪው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ «ኦርጌልቡኽላይን» የተሰኘውን የኦርጋን ሥራዎች ስብስብ ሲያዘጋጅ ጀማሪዎች በፔዳል አጨዋወት እንዲሠለጥኑበትም አስቦ ነበር።