ዓለም አቀፍ የጨጓራ ካንሰር ጉባኤ

ዓለም አቀፍ የጨጓራ ካንሰር ጉባኤ በጨጓራ ካንሰር ላይ የሚሠሩ የቀዶ ሕክምና፣ የካንሰር መድኃኒት፣ የኢንዶስኮፒና የፓቶሎጂ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ዓመቱ የሚያደርጉት ስብሰባ ነው። የመጀመሪያው በ1995 በጃፓን ኪዮቶ ከተማ ተካሄደ፤ ጉባኤውን የሚመራው ዓለም አቀፍ የጨጓራ ካንሰር ማኅበርም የተመሠረተው በዚያው ጊዜ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማኅበሩ ከጃፓን የጨጓራ ካንሰር ማኅበር ጋር በመሆን ከ1998 ጀምሮ «ጋስትሪክ ካንሰር» የተባለ የሕክምና መጽሔት ያሳትማል።

በአማርኛ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ማቃጠል ወይም ስለ ቁስለት ነው። የጉባኤው ርዕስ ግን ከጨጓራ ግድግዳ የውስጥ ሽፋን የሚነሣው ካንሰር ነው። በ2022 በዓለም ላይ ወደ 970 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደተያዙ፣ 660 ሺህ ያህሉም እንደሞቱ ይገመታል። ከፍተኛው ቁጥር የሚገኘው በምሥራቅ እስያ ነው።

== ምን ያህል ይቆረጥ? ==

የጨጓራ ካንሰር ሲሰራጭ ቀድሞ ከሚደርስባቸው ቦታዎች አንዱ በጨጓራው ዙሪያ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች ናቸው (በብብት ወይም በብሽሽት ሲያብጡ «ንፍፊት» ከሚባሉት ጋር አንድ ዓይነት ናቸው)። ስለዚህ ሐኪሙ ጨጓራውን ሲያወጣ ዕጢዎቹንም አብሮ ያወጣል። የጃፓን ሐኪሞች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባወጡት ደንብ ለእያንዳንዱ የዕጢ ቡድን ቁጥር ሰጡ፦ ከጨጓራው አጠገብ ያሉት ከ1 እስከ 6፣ በአኦርታ ማለትም በትልቁ የደም ቧንቧ ዙሪያ ያሉት ደግሞ 16 ናቸው። ቁጥር መስጠት ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በተለያየ አገር ያሉ ሐኪሞች ስለ አንድ ቦታ እየተነጋገሩ መሆናቸውን የሚያረጋግጡት በዚህ ነው።

ቅርብ ያሉትን ዕጢዎች ብቻ ማውጣት ዲ-1 ይባላል። ጨጓራን በሚመግቡት የደም ቧንቧዎች ዙሪያ ያሉትንም መጨመር ዲ-2 ነው። ጃፓኖች ዲ-2ን እንደ ተራ ሥራ ሲያከናውኑ አብዛኞቹ አውሮፓውያን አደገኛ ነው ብለው ይሸሹት ነበር።

ክርክሩን ለመፍታት ከ1989 እስከ 1993 በኔዘርላንድ 80 ሆስፒታሎች ውስጥ ትልቅ ጥናት ተካሄደ። ጥናቱን የመሩት ኮርኔሊስ ቫን ደ ቬልደ ሲሆኑ፣ ሚትሱሩ ሳሳኮ ከቶኪዮ ድረስ ሄደው የአገሩን ሐኪሞች አሠልጥነዋል። የመጀመሪያው ውጤት አስደንጋጭ ነበር፦ ካንሰሩን ለማዳን ከተደረገላቸው 711 ሕሙማን መካከል ከቀዶው በኋላ የሞቱት በዲ-1 4 በመቶ፣ በዲ-2 ግን 10 በመቶ ሆኑ። ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት በቆዩት ብዛት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ብዙዎች ጉዳዩ እዚያ ላይ ያበቃ መሰላቸው።

ተመራማሪዎቹ ግን ሕሙማኑን መከታተል አላቆሙም። በ2010 የታተመው የ15 ዓመት ውጤት ሌላ ነገር አሳየ፤ በጨጓራ ካንሰሩ የሞቱት በዲ-1 48 በመቶ፣ በዲ-2 37 በመቶ ነበሩ። በዲ-2 መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው የሞተው በከፊል ጣፊያና የቆሽት ጫፍ አብረው ይወጡ ስለነበር እንደሆነ ታወቀ። ሌላው ምክንያት የልምድ ማነስ ነው፤ ሥራው በ80 ሆስፒታሎች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ሕመምተኛ ነው። ኔዘርላንድ በኋላ ይህን ቀዶ ሕክምና በጥቂት ሆስፒታሎች ሰበሰበች፤ ከ2013 ጀምሮም አንድ ሆስፒታል በዓመት ቢያንስ 20 እንዲሠራ ይጠበቅበታል።

ጃፓኖችም የራሳቸውን ልማድ ፈትነዋል። ዲ-2 ከጠቀመ በአኦርታ ዙሪያ ያሉትን መጨመር የበለጠ ይጠቅማል የሚለው እምነት በ523 ሕሙማን ላይ ተሞከረ። በ2008 የወጣው ውጤት ተጨማሪው ቆረጣ ዕድሜ እንደማያራዝም አሳየ (በቀዶው ምክንያት የሞቱት በሁለቱም ወገን 0.8 በመቶ ብቻ መሆናቸው ግን ከኔዘርላንዱ ጋር ሲነጻጸር የሚገርም ነው)። ዛሬ በሁለቱም በኩል ጣፊያንና ቆሽትን ሳይነኩ፣ ልምድ ባለው ሆስፒታል ዲ-2ን መሥራት የተለመደ ሆኗል።

== መድኃኒት ==

በመድኃኒት በኩል ልዩነቱ ገና አልጠበበም። በጃፓን ቀድሞ መቁረጥና ከዚያ ኬሞቴራፒ መስጠት የተለመደ ሲሆን፣ በአውሮፓ ኬሞቴራፒው ከቀዶው በፊትም በኋላም ይሰጣል። በ2019 የታተመው የጀርመን ጥናት ፍሎት የተባለው የ4 መድኃኒቶች ጥምረት ከቀድሞው ጥምረት ጋር ሲነጻጸር የሕሙማኑን አማካይ ዕድሜ ከ35 ወደ 50 ወር እንዳሳደገ አሳየ። አሁን በዚህ ላይ የሰውነትን በሽታ የመከላከል ኃይል የሚያነቃቁ መድኃኒቶች እየተጨመሩ ነው።

ልዩነቱ የአመለካከት ብቻ አይደለም። ጃፓንና ኮሪያ ሕመም ሳይሰማው ሰውን በኢንዶስኮፒ ስለሚመረምሩ ብዙውን ካንሰር ገና በጅምሩ ያገኙታል፤ አንዳንዱን ሆድ ሳይከፈት በኢንዶስኮፒው በራሱ ማውጣት ይቻላል። እንዲህ ያለ ምርመራ በሌለበት አገር ግን ሕመምተኛው የሚመጣው ክብደቱ ሲቀንስ፣ ምግብ አልወርድ ሲለው ወይም ደም ሲያስታውከው ነው።

== ባክቴሪያው ==

የበሽታው ዋና መንስኤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ያገኙት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻልም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ባክቴሪያው በኢትዮጵያም በስፋት ይገኛል። ያለበት ሰው ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹን አይዛቸውም። ሕክምናው አሲድ ከሚቀንስ መድኃኒት ጋር የሚሰጡ አንቲባዮቲኮች ናቸው። ጃፓን በ2013 ባክቴሪያው ላስከተለው የጨጓራ ብግነት ሕክምናውን በጤና መድን እንዲሸፈን አድርጋለች።

== የተካሄደባቸው ከተሞች ==

ከቅርቦቹ ጉባኤዎች መካከል በ2013 በቬሮና፣ በ2015 በሳኦ ፓውሎ፣ በ2017 በቤይጂንግ እና በ2019 በፕራግ የተካሄዱት ይገኛሉ። 14ኛው በ2022 በሂውስተን፣ 15ኛው በ2023 በዮኮሃማ፣ 16ኛው ደግሞ በ2025 በአምስተርዳም ተደርገዋል።