የድንጋይ ማለስለሻ ዝቃጭ አወጋገድ

የድንጋይ ማለስለሻ ዝቃጭ፣ አጌትንና ጃስፐርን የመሳሰሉ ጌጠኛ ድንጋዮችን በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ከውሃና ከሞረድ ዱቄት ጋር እያንከባለሉ የሚያለሰልሱ ሰዎች፣ በእያንዳንዱ የሥራ ደረጃ ፍጻሜ በርሜሉን ሲያጥቡ የሚያገኙት ወፍራም ጭቃ ነው።

ባሕርይው፦ ለሞረድ ዱቄትነት ከሚያገለግለውና በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ከ9 በላይ ከሆነው ከሲሊኮን ካርባይድ ስባሪና ከድንጋዩ ከራሱ ከተፋቀው ልም ትቢያ የተቀመመ በመሆኑ፣ በውሃ የማይሟሟና ክብደት ያለው ነው፤ ስለዚህም በገንዳ ቢደፋ በቧንቧው መታጠፊያ ላይ ዘቅጦ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል፤ መተላለፊያውንም ይደፍናል።

አወጋገዱ፦ የታወቀው ሥርዓት ዝቃጩን በባልዲ አጠራቅሞ፣ ደቃቁ ሁሉ ወደ ታች እስኪሰፍር ድረስ ሳያናውጡ ማቆየት፣ ከላይ የጠለለውን ውሃ በዝግታ ቀድቶ ለቀጣዩ እጥበት ማዋል፣ የቀረውንም ጭቃ እርጥበቱ ሳይለቀው በከረጢት አስሮ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር መጣል ነው።

ጥንቃቄ፦ አጌትና ጃስፐር በሲሊካ የበለጸጉ ስለ ሆኑ፣ የደረቀ ትቢያቸው አዘውትሮ ወደ ሳንባ ቢገባ ሲሊኮሲስ የተባለውን ደዌ ሊያመጣ ይችላልና፣ የፈሰሰው ሁሉ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግም፤ መዳብ ያዘለው ማላካይት በተለሰለሰ ጊዜ ደግሞ ዝቃጩ ከአትክልት ስፍራና ከወራጅ ውሃ ፈጽሞ ሊርቅ ይገባዋል።