የልብ ሙግት፣ የወረቀት ፍርድ

የታላላቅ ከተሞች ታሪክ የሚነበበው በቤተ መንግሥቶቻቸውና በሐውልቶቻቸው ላይ ብቻ አይደለም። መዳፍ ውስጥ ገብታ የምትጠፋ ቁራጭ ወረቀትም የራሷ ታሪክ አላት። ዛሬ ላነሣላችሁ የወደድሁት የዚህችን ወረቀት፣ የባቡር ትኬትን ነገር ነው፤ ይልቁንም በበርሊን ከተማ በእንግዳ ጎብኚና በትኬት ተቆጣጣሪ መካከል ስለሚነሣው ሙግት ነው። ለምን በርሊንን መረጥህ የሚለኝ ቢኖር፣ በዚያች ከተማ የአንዲት ትኬት ጉዳይ ከኪስ ገንዘብ ተነሥቶ እስከ ወኅኒ ቤት ደጃፍ ስለሚደርስ ነው እላለሁ።

በበርሊን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች መግቢያ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ በር የለም። መንገደኛው ደረጃውን ወርዶ፣ ከመሳፈሪያው ላይ ከቆመው ማሽን ትኬት ገዝቶ፣ ባቡሩ ሲመጣ ይሳፈራል። የጠየቀው የለም፤ ያስቆመው የለም። ጥቂት ጣቢያዎች እንዳለፉ ግን፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ተራ ልብስ የለበሱ ሰዎች ብድግ ብለው መታወቂያቸውን ያሳዩና ትኬት ይጠይቃሉ። እንግዳውም ያለ ምንም ሥጋት የገዛውን ትኬት ያወጣል። ተቆጣጣሪው አገላብጦ ያይና ራሱን ይነቀንቃል፤ ትኬቱ ማኅተም አልተመታበትም። በመሳፈሪያው ላይ የቆመችው ትንሽ ሳጥን ቀኑንና ሰዓቱን ካላተመችበት በቀር ያ ወረቀት ገና ያልተጀመረ ትኬት ነው፤ ያልተጀመረ ትኬት ደግሞ ከሌለ ትኬት አይለይም። ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው።

እንግዳ የሚሰናከልበት ይህ ብቻ አይደለም። የከተማይቱ ትራንስፖርት ኤ፣ ቢ እና ሲ በሚባሉ ሦስት የታሪፍ ቀጠናዎች የተከፈለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ የሚገኘው ከከተማይቱ ወሰን ውጭ፣ በብራንደንቡርግ ግዛት፣ በሲ ቀጠና ውስጥ ነው። ሻንጣውን እየጎተተ ከአውሮፕላን የወረደ መንገደኛ የሦስቱን ቀጠና ትኬት መግዛት ሲገባው የሁለቱን ብቻ ይገዛል። የዋጋው ልዩነት አንድ ዩሮ ገደማ ነው፤ ቅጣቱ ግን ያው 60 ነው። ሌላው ደግሞ ለሁለት ሰዓት የምታገለግል ትኬት ይዞ፣ ሰዓቱ ሳያልፍ በመጣበት መንገድ ሲመለስ ይያዛል፤ ትኬቷ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደምታስኬድ የነገረው አልነበረምና።

ሙግቱ የሚጀመረው ከዚህ ነው። እንግዳው «ገዝቻለሁ እኮ!» ይላል፤ «አላወቅሁም» ይላል፤ ሊያታልል ቢፈልግማ ኖሮ ገንዘቡን ለምን ለማሽን እንደሚሰጥ ይጠይቃል። የሚናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች የሚነጋገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። እንግዳው የሚሟገተው ስለ ልቡ ነው፤ ተቆጣጣሪው የሚመረምረው ወረቀቱን ነው። በጀርመን ሕግ ያ 60 ዩሮ የወንጀል መቀጮ ሳይሆን «ከፍ ያለ የጉዞ ክፍያ» ተብሎ የሚጠራ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ 40 ዩሮ ነበረ። ይህ ሒሳብ የመንገደኛውን ሐሳብ አይጠይቅም፤ ዐወቀም አላወቀም፣ ረሳም አልረሳም፣ ትኬቱ ካልሠራ ይከፈላል። እንግዳው ንጹሕነቱን የሚያስረዳው ንጹሕነትን የመመዘን ሥልጣን ላልተሰጠው ሰው ነው ማለት ነው።

እኔ ግን ተቆጣጣሪውንም መኰነን ይከብደኛል። «አላወቅሁም» የሚለውን ቃል ከእውነተኛውም ከአታላዩም አፍ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ልብ ከፍቶ ማየት አይችልም። ፊት አይቶ ይማር ቢባል ደግሞ፣ የሚማረው የማን ፊት ይሆን? ካሜራ ያንጠለጠለው፣ በደኅና ልብስ ያጌጠው ይማራል፤ መልኩና አነጋገሩ ያላማረለት ይቀጣል። ወረቀት ርኅራኄ የለውም፤ አድልዎም የለውም ይባላል። ይህ መባሉ እውነት መሆን አለመሆኑን ኋላ እናየዋለን።

ነገሩ ከጥንት እንዲህ አልነበረም። የበርሊን የምድር ውስጥ ባቡር በተከፈተበት በ1902 ዘመን፣ ወደ መሳፈሪያው በሚያስገባው በር ላይ ትኬት የሚበሳ ሰው ይቀመጥ ነበር። በጀርመን የባቡር ጣቢያዎች ዘመድ ለመሸኘት ብቻ የመጣ ሰው እንኳ መሳፈሪያው ላይ ለመቆም አነስተኛ ትኬት ይቆርጥ ነበር። በዚህ ሥርዓት ከሳቁት እንግዶች አንዱ ስታሊን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1931 ከጸሐፊው ከኤሚል ሉድቪግ ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ፣ በ1907 በርሊን ሳለ በሩሲያውያን ጓደኞቹ ዘንድ ይወራ የነበረ አንድ ቀልድ አውርቷል። ሁለት መቶ ያህል ሠራተኞች ለሰላማዊ ሰልፍ ከከተማው ዳርቻ በባቡር ይመጣሉ። ነገር ግን በመውጫው በር ትኬት የሚቀበለው ሰው በቦታው ስላልነበረ፣ ትኬታቸውን ሳያስረክቡ መውጣት ነውር ሆኖባቸው ሁለት ሰዓት ቆመው ሲጠብቁ ሰልፉ አመለጣቸው። ስታሊን የነገረው የጀርመኖችን ለሕግ መገዛት ለመዝለፍ ነው። እኔ ከቀልዱ የማነበው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ዘመን በትኬትና በመንገደኛ መካከል የሚጠበቅ ሰው ነበረ።

ያ ሰው ከጊዜ በኋላ ጠፋ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሠራተኛ ደመወዝ ሲጨምር፣ በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ትኬት ቆራጮቹና በር ጠባቂዎቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አንድ በአንድ ተነሡ። ሥራቸው ግን አልተነሣም፤ ወደ መንገደኛው ተላለፈ። መንገደኛው ራሱ ቀጠናውን ይመርጣል፣ ራሱ ይገዛል፣ ራሱ ማኅተም ያስመታል። የአገሩ ሰው ይህን ከልጅነቱ ይማረዋል፤ እንግዳው የሚማረው በ60 ዩሮ ነው። በአዲስ አበባ የአንበሳ አውቶቡስ ተሳፍሮ ያደገ አንባቢ ልዩነቱን ወዲያው ይረዳዋል። ትኬት ቆራጩ ከመቀመጫው ሆኖ ሒሳብ ይቀበላል፤ የት እንደምትወርድ ብትጠይቀው ይነግርሃል። የታክሲው ረዳትማ መንገዱን በጩኸት ያስተምራል። ሊቆጣህ ይችላል፣ መልስ ሊያስቀርብህም ይችላል፤ ባለማወቅህ ግን አያጠምድህም፤ አስቀድሞ ይጠይቅሃልና።

ሰው ሲነሣ ሕጉም ተቸገረ። ማታለል የሚባለው ወንጀል የሚታለል ሰው ይፈልጋል፤ ማሽን ደግሞ አይታለልም። ጀርመን ይህን ቀዳዳ የደፈነችው ገና ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ በናዚ መንግሥት ዘመን በወንጀል ሕጓ ውስጥ ባስገባችው አንቀጽ 265ሀ ነው። ያለ ክፍያ በትራንስፖርት መጠቀም እስከ አንድ ዓመት እስራት የሚያደርስ ወንጀል ሆነ፤ አንቀጹም ከዚያ ዘመን ተርፎ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ ወንጀሉ ሐሳብን ስለሚጠይቅ ማኅተም የረሳ ጎብኚ በዚህ አይያዝም። ነገር ግን ዳኞቹ «ተደብቆ መጠቀም» የሚለውን ሐረግ እጅግ አስፍተው ተርጕመውታል። አንድ ሰው ትኬት ሳይኖረው እንደሚጓዝ በባርኔጣው ላይ በጽሑፍ ለጥፎ በግልጽ ተሳፍሮ ነበር፤ የኮሎኝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ2015 የጥፋተኝነቱን ፍርድ አጸናው። እውነቱን በራሱ ላይ ተሸክሞ የሄደውም እንኳ ተደብቋል ተባለ።

ጀርመኖች ያለ ትኬት መጓዝን «ጥቁር ጉዞ» ብለው ይጠሩት ነበር። የበርሊን ትራንስፖርት ድርጅት ይህን ቃል መጠቀም ያቆመው በ2021 ነው። ፔፔ ዳንኳርት የተባለው የፊልም አዘጋጅ ግን ቃሉን ለጥበብ አውሎታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የኦስካር ሽልማት ያገኘችው «ሽቫርትስፋረር» የተባለች አጭር ፊልሙ በበርሊን ትራም ውስጥ የምታልፍ ናት። አንዲት አሮጊት አጠገቧ የተቀመጠውን ጥቁር ወጣት ስትሰድብ ትጓዛለች፤ የሚቃወማት ተሳፋሪ የለም። ተቆጣጣሪው ሲገባ ወጣቱ ትኬቷን ከእጇ ነጥቆ ይውጠዋል፤ የራሱንም አውጥቶ ያሳያል። አሮጊቷ እውነቱን ትናገራለች፤ ጎረቤቴ በላብኝ ትላለች። ማን ይመናት? ያዩት ሁሉ ዝም ይላሉ፤ እርሷም ከትራሙ ትወርዳለች።

ፊልሟን የሚያይ ሰው ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ስቄ ካበቃሁ በኋላ ግን ያሰብሁት ይህን ነው፦ አሮጊቷ በስድቧ ብትበድልም ትኬት ግን በእርግጥ ገዝታ ነበር። ወረቀቷ በጠፋ በዚያች ቅጽበት በገዛ አገሯ እንግዳ ሆነች፤ እውነተኛ ቃሏ ዋጋ አጣ። ደራሲው በእንግዳ ላይ ዘወትር የሚሆነውን ለአንዲት ደቂቃ በባለአገሯ ላይ አደረገው።

አሁን ወደ ተውሁት ጥያቄ ልመለስ። ወረቀት አያዳላም የሚባለው እውነት ነውን? 60 ዩሮ ለሁሉም 60 ዩሮ ነው፤ የሚከፍሉት ግን እኩል አይደሉም። ጎብኚው እያጕረመረመ ከፍሎ አገሩ ይገባል፤ ታሪኩም ለወዳጆቹ የሚያወራው ጨዋታ ይሆናል። መክፈል የማይችለው ድኻ ግን እዚያው ነው። ደጋግሞ ከተያዘ ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ የተፈረደበትን መቀጮ ካልከፈለ በምትኩ ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተመሠረተው «የነፃነት ፈንድ» የተባለ ማኅበር ለእንዲህ ያሉ እስረኞች ገንዘብ እየከፈለ ከሺህ በላይ ሰዎችን አስፈትቷል። ከየካቲት 2024 ወዲህ በመቀጮ ምትክ የሚታሰሩበት ጊዜ በግማሽ ቀንሷል፤ አንቀጹ ግን አልተሻረም።

ሉክሰምበርግ በ2020 ሕዝባዊ ትራንስፖርትን በአገሯ ሁሉ ለነዋሪውም ለእንግዳውም በነፃ አደረገች፤ ከባቡር አንደኛ ማዕረግ በቀር የሚጠየቅ ትኬት የለም። ሁሉም አገር እንዲህ ያድርግ አልልም፤ ባቡር ያለ ገንዘብ አይሄድም፤ ከፋይ ያስፈልገዋል። እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። ከተማ አስተማሪዋን ከመሳፈሪያው ላይ አንሥታ ቀጪውን ብቻ ካስቀረች፣ ያላስተማረችውን ትምህርት እየጠየቀች ነው። የሚጠይቅ ሰው ባለበት ሁሉ፣ ቀድሞ የሚያስረዳ ሰው ሊኖር ይገባ ነበር።