ከማሳ አረም እስከ አጸድ ጌጥ

የአበባ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ሐሳባችን ወደ ነገሥታት አጸድ ይሮጣል። ይሁን እንጂ አበባ የቤተ መንግሥት ጌጥ ብቻ ሆና አልኖረችም። በተራው ሰው ጓሮ፣ በዶማና በመኮትኮቻ የተሠራ ሌላ ታሪክም አላት። ዴዚ የተባለችው አበባ ለዚህ ምስክር ናት።

«ዴዚ» የሚለው ስም በጥንታዊው የእንግሊዝ ቋንቋ «የቀን ዐይን» ማለት ነበር። ስሙ በመጀመሪያ የተሰጣት ትንሿ የመስክ አበባ ጎሕ ሲቀድ ትገለጣለች፤ ሲመሽ ትከደናለችና። ከዘመዶቿ አንዷ ደግሞ «የበሬ ዐይን» ተብላለች። ይህችኛዪቱ ከአውሮፓ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግራ በግጦሽ መሬት ላይ ስለ ተዛመተች፣ ገበሬው እንደ ክፉ አረም ቆጥሮ ይነቅላት ነበር።

ሉተር በርባንክ እ.ኤ.አ. በ1849 የተወለደው በዚያው አገር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በላንካስተር ነው። በ1875 ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ በሳንታ ሮዛ ኑሮውን መሠረተ፤ አጸዱንም አበጀ። ሌላው የሚነቅላትን አበባ እሱ መደብ አበጅቶ ተከላት። «የበሬ ዐይን» ብርቱና አበባዋ የበዛ ነበረች፤ ነገር ግን አበባዋ አነስተኛ ነው። ስለዚህም ትልልቅ አበባ ካላቸው የአውሮፓ ዘመዶቿ ጋር አዳቀላት። ንጣቷ አልጠራ ቢለው ከጃፓን ዝርያ ጨመረባት። የአንዷን የአበባ ዱቄት በእጁ ወደ ሌላዪቱ እያሸጋገረ፣ ከበቀሉት መካከል ጥቂቶቹን መርጦ የቀሩትን እያስወገደ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ደከመ። በ1901 ለሕዝብ ያቀረባትን አበባም በሰሜን ካሊፎርኒያ በሚገኘው በረዶ ለበስ ተራራ ስም «ሻስታ ዴዚ» አላት።

ሻስታ ዴዚ ፀሐይና ውኃ የማያቁር አፈር ካገኘች ብዙ አታስቸግርም። በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ከነሥሯ ወጥታ ተከፋፍላ ትተከላለች። ስለዚህም ጎረቤት ለጎረቤት እየቆረሰ ከአጥር አጥር አሻገራት።

የበርባንክ ድካም ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። የካርኔጊ ተቋም በ1905 ሥራውን መደገፍ ጀምሮ ነበር፤ ዳሩ ግን እሱ የሥራውን ሂደት በሚገባ አይመዘግብም ነበርና ድጋፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋረጠ። በ1926 ሲሞት አስከሬኑ በዚያው በአጸዱ ዐረፈ፤ ያልተጻፈው ዕውቀቱም አብሮት ተቀበረ። እጅ የሠራውን ብዕር ካልጠበቀው ትውልድ የሚወርሰው ፍሬውን እንጂ ጥበቡን አይደለም።

ይህ ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። አደይ አበባ ከዴዚ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዕፅ ናት። በመስከረም በዘፈን እናወድሳታለን፤ በአዝመራ መካከል ስትገኝ ግን አራሚው ይነቅላታል። መደብ አበጅቶ በጓሮው የሚያሳድጋት፣ ጠባይዋንም አጥንቶ የሚጽፍ ስንቱ ነው? አረምና ጌጥ ብለን የምንለያቸው በዕፁ ብቻ አይደለም፤ በሚያያቸው ዐይንና በሚደክምላቸው እጅ ጭምር ነው።