ቢሲዲሞ ሆስፒታል

ቢሲዲሞ ከሐረር ከተማ በስተምሥራቅ፣ በባቢሌ አገር የሚገኝ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለመርዳት የተቋቋመ የሕክምና ሥፍራ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የካፑቺን ማኅበር የካቶሊክ አባቶች በሐረር ለሕሙማኑ መጠለያ ከፍተው ነበር፤ የኋላ ኋላም ፈረንሳዊው ካህን አባ ፌሮን የነዚህን ወገኖች ችግር ለባሕር ማዶ ሰዎች ስላሰሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ በጋዜጠኛው ሄርማን ኮበር አስተባባሪነት የርዳታ ማኅበር ተመሠረተ፤ በማግሥቱም ዓመት ቢሲዲሞ የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ ሆነ።

ደዌው አካልን የሚያጎድለው ሕመምን በማብዛት ሳይሆን ሕመምን በማጥፋት ነው፤ ነርቩ የደነዘዘበት ሰው የጋለውን ጀበና በባዶ እጁ ከእሳት ያነሣል፣ እሾኽ ወግቶት ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፣ የሚያውቀውም ቁስሉ ሲመግል ነው። ስለዚህ የሕክምናው ልዕልና በታላላቅ መሣሪያ ብቻ አይለካም፤ እግርን በውሃ ዘፍዝፎ፣ የደደረውን ቆዳ ፍቆ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ውስጥ እግርን በየዕለቱ ገልብጦ በማየት ይፈጸማል። ሌላው ሰው የሚሸሸውን እግር ጎንበስ ብሎ በእጅ መያዝ፣ በእኔ አስተያየት፣ የጸሎተ ሐሙስን ሕጽበተ እግር ዓመቱን ሙሉ መፈጸም ነው፤ በቢሲዲሞ የሚታጠበውም ሰው በብዛት ሙስሊም ገበሬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የጥምር መድኃኒት ሕክምና እንዲሰጥ ከመከረ ወዲህ፣ በጊዜ የደረሰ ሕመምተኛ አካሉ ሳይጎድል ይድናል። ሆስፒታሉም በሩን ለሌሎች ሕሙማን ከፍቷል።