የሁለት ሳምንት ሥራ ወይስ የ15 ዓመት?

«ኮሮና ቤተ መጻሕፍትን ወደ ኢንተርኔት አስገባ» ሲባል እንሰማለን። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ወረርሽኙ ማንንም የትም አላስገባም። ቀድሞ የሠራውንና ያልሠራውን ለይቶ አሳየ እንጂ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የአሜሪካ ኮሌጆች ግቢያቸውን ዘጉ። በዚያው ወር በ31ኛው ቀን ሃቲትረስት የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ለአባላቱ ጊዜያዊ አገልግሎት ከፈተ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ኮሌጁ መጽሐፉን በወረቀት ከያዘ፣ ተማሪው ቤቱ ተቀምጦ ስካን የተደረገውን ያነባል። ኮሌጁ ያለው ሁለት ቅጂ ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚያነቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ውሰቱ ለአንድ ሰዓት ነው፤ ወረፋ የሚጠብቅ ከሌለ ይታደሳል።

ከውጭ ሲታይ የሁለት ሳምንት ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ጉግል የሚሺጋንን ጨምሮ የትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎችን መጻሕፍት ስካን እንደሚያደርግ ያስታወቀው በ2004 ነው። ሃቲትረስት በ2008 ተመሠረተ። በ2011 የደራስያን ማኅበር ከሰሰው። በ2014 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ መጻሕፍቱን በቃል መፈለጊያነት መጠቀምና ማየት ለተሳናቸው ማቅረብ ሕጋዊ ነው አለ። ወረርሽኙ ሲመጣ ከ17 ሚሊዮን በላይ ጥራዞች ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር።

ወደ እኛ እንምጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ። ለብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት የሆናቸው ቴሌግራም ነው፤ ሃንዳውትና ፒዲኤፍ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰኔ 23 ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ በመላ አገሪቱ ተቋረጠ።

ባዶ እጃችንን ነበርን ማለት ግን አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን ከወረርሽኙ በፊት ጀምሮ በድረ ገጽ ያስቀምጥ ነበር። ስለዚህ የግቢው በር ተዘግቶም ጥናቶቹ ይነበቡ ነበር። በወረቀት ብቻ ያለው መጽሐፍ ግን ከበሩ ጋር አብሮ ተቆለፈ። ልዩነቱን የፈጠረው ቀደም ብሎ በጸጥታ የተሠራ ሥራ ነው።

«የቅጂ መብቱስ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደራሲም መብላት አለበት። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቤተ መጻሕፍት ያላቸውን ሥራ እንዳይጠፋ ለማቆየት ወይም የጠፋውን ለመተካት በገደብ እንዲቀዱ ይፈቅዳል። የመብቱ ዘመን ያለፈበት ሥራማ የሁላችንም ነው።

ቀጣዩ መዘጋት በበሽታ ይሁን በጦርነት ወይም በእሳት፣ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ስካነር ይገዛ ማለት ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ጣራ እንደመክደን ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ኮሌጅ ሌላ ቦታ የማይገኙ መጻሕፍቱን ዝርዝር ያውጣ። ሥራው ከዚያ ይጀምራል።