ከዓሣው እስከ ቁርጭምጭሚቱ

ታክሲ ውስጥ ሁሌ በር አጠገብ የምትቀመጠውን፣ ለቅሶ ቤት እንደገባች ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ የምታጣራውን፣ ክፍለ ሀገር ልትሄድ ስትል ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ የማትቀምሰውን ሴት ሁላችንም እናውቃታለን። «ብርድ መትቷት ነው» ብለን እናልፋለን። የሴትና የሽንት ነገር ሲነሣ ትዝ የሚለን ፊስቱላ ብቻ ነው። ይሄ ግን ሌላ ነው። ፊስቱላ ቀዳዳ ነው፤ የዚህችኛዋ ፊኛ አልተቀደደም፣ ሳይሞላ «ሞላሁ» እያለ ነው የሚያስቸግራት። ሐኪሞች ከመጠን በላይ የሚሠራ ፊኛ ይሉታል።

አንዱ መድኃኒቱ ኤሌክትሪክ ነው። አትደንግጡ! ታሪኩ የሚጀምረውም ከዓሣ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) በመጀመሪያው መቶ ዓመት ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒዩስ ላርገስ ለራስ ምታትና ለሪህ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የባሕር ዓሣ አዝዟል። ሩቅ አገር ከመሰላችሁ ደግሞ፣ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የኛንም ጽፎታል፦ እየተመላለሰ የሚነሣ ንዳድ የያዘውን ሰው ጠረጴዛ ላይ ጥፍር አድርገው ያስሩና የሚያደነዝዘውን ዓሣ መገጣጠሚያው ላይ ያደርጉበታል። ሕመሙ ለጉድ ነው፣ ንዳዱ ግን አይመለስም ይላል። (ሉዶልፍ አገራችንን ረግጦ አያውቅም፤ እኛም የምናምነው በልኩ ነው።)

ወደ ፊኛው ለመድረስ ብዙ ተቆየ። በ1963 እንግሊዛዊው ኮልድዌል ሽንት ለሚያመልጣቸው ሰዎች ሰውነት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ ሞከረ። በ1983 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ማክጋየር ደግሞ ከቻይና አኩፓንክቸር ፍንጭ ወስዶ ኤሌክትሪኩን ቁርጭምጭሚት አጠገብ ቆዳ ላይ አደረገው። እግር ከፊኛ ጋር ምን አገናኘው? በቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጎን የሚያልፈው ነርቭና የፊኛው ነርቮች የሚነሡት ከአከርካሪው ግርጌ፣ ከአንድ ሠፈር ነው።

ከዚያ ማርሻል ስቶለር በቀጭን መርፌ አሻሻለው፤ በ2000 የአሜሪካ መንግሥት ፈቀደው። በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት። በ2010 በወጣ ጥናት 220 ሰዎች ተካፍለው፣ እውነተኛውን ካገኙት 54.5 በመቶ፣ የማስመሰያው ከተደረገላቸው 20.9 በመቶ ተሻለን አሉ። ከግማሽ ትንሽ በለጠ፣ ተአምር አይደለም። ደግሞስ ሽንት የሚያጣድፋት ሴት በየሳምንቱ ታክሲ ተሳፍራ ክሊኒክ ትመላለስ?

ለዚህ ነው የቤቱ መሣሪያ ልባችንን የወሰደው። በባትሪ የሚሠራ፣ ኪስ የሚገባ፤ ሁለት ተለጣፊ ነገሮች ቁርጭምጭሚት አጠገብ ይለጠፋሉ፣ መርፌ የለም። እንደ መርፌው በብዛት አልተጠናም፤ ሲያቆሙትም ችግሩ ሊመለስ ይችላል። ግን የሉዶልፉ በሽተኛ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ነበር፤ ይህችኛዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መቆጣጠሪያውን ራሷ ይዛለች፣ ከቆነጠጣት ትቀንሰዋለች።

እርጉዝ የሆነች ወይም ልቧ ላይ መሣሪያ የተተከለላት አትጠቀምበትም። ሌላዋም ከመግዛቷ በፊት ትመርመር፤ ኢንፌክሽንና ስኳርም ሽንት ቤት ያመላልሳሉ።